አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

በአዲስ አበባ ሱቆች ግድግዳ ላይ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ተለጥፈው ማየት የተለመደ ነው። አንዱ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ሌላው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሁለቱንም ያሳተመው አንድ ሰው ነው፤ ምናልባትም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማተሚያ ቤት። የገዛውን ጫማ መመለስ የማይችል ንጉሥ ምን ዓይነት ንጉሥ እንደሆነ ባለሱቁ አይነግረንም። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል የሚቆመውም እሱ አይደለም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እዚያ የምትቆመው ተቀጣሪዋ ናት። በሳምንቱ ሶሉ የተላቀቀበትን ጫማ በፌስታል ይዞ የመጣውን ንጉሥ «ይቅርታ ጋሼ፣ አይመለስም» ብላ የምትሸኘውም እሷው ናት።

ስለ ሻጮች ብልግና በየቤቱ ይወራል። ስልኳን እየነካካች የምትመልስ ካሸር፣ ዕቃ ከመደርደሪያ ለማውረድ የሚከብደው አሻሻጭ፣ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ አይታ ኪሱን የምትገምት የቡቲክ ሠራተኛ ሁላችንም ገጥመውናል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒትም የታወቀ ነው፦ «የደንበኛ አያያዝ» የሚባል የግማሽ ቀን ሥልጠና። ፈገግ በሉ፣ አትመልሱ፣ ደንበኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው። ሥልጠናውን አልንቀውም። ነገር ግን አስቸጋሪው ደንበኛ ከየት ይመጣል ብለን ብንጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሱቁ ራሱ አበሳጭቶ የሚፈጥረው ሆኖ እናገኘዋለን። የዋጋ መለያውን ያልቀየረው ባለቤቱ ነው፤ ዋጋውን ያናረው ገበያው ነው፤ ንዴቱን የምትቀበለው ግን አንዱንም ማስተካከል የማትችለው ልጅ ናት።

መጀመሪያ ችግሩ የሌለበትን ቦታ ማየት ይጠቅማል። መርካቶ ግቡ። ምናለሽ ተራም ይሁን ዱባይ ተራ፣ ሸማቹ ለስለስ ያለ ሰው አይደለም። የተጠራለትን ዋጋ ሰምቶ ይስቃል፤ ግማሹን ይጠራል፤ ጨርቁን ያሻል፣ ስፌቱን ይጎትታል፣ «ሁለት ጊዜ ከታጠበ እኮ ያልቃል» ይላል። ሻጩም አይተኛም። «ከገዛሁበት በታች ጠራህልኝ» ብሎ ይምላል፤ «አንተ ስለሆንክ ነው እንጂ» ይላል፣ ከዚያ በፊት አይቶት ባያውቅም። ገዢው «ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ ይወጣል። ሁለት ሱቅ እንዳለፈ «ና በል፣ ና ውሰድ» ተብሎ ይጠራል፤ ወይም አይጠራም፣ እሱም ኮራ ብሎ ይሄድና ከግማሽ ሰዓት በኋላ አፍሮ ይመለሳል። አይቶ ለማያውቅ ሰው ጠብ ይመስላል። ለሁለቱ ግን ሥራ ነው፤ አንዳንዴም ጨዋታ። ሕጉ እንኳ ይህን ጨዋታ ያከብረዋል፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ጥራት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። «ያላወረድከኝ ነገር የለም፣ ከዚህ በኋላማ ትገዛለህ!» ብሎ ክንድ የሚይዝ ነጋዴ ሕግ እየጣሰ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግፊያ የመርካቶውን ሻጭ ለምን አይሰብረውም? ልቡ ከሌላው የጠነከረ ስለሆነ አይመስለኝም። ዕቃው የእሱ ነው፤ ካልሆነም የወንድሙ ወይም የአጎቱ ነው። ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ይመርቃል። የማለዳ ገዢ ገድ ነው ብሎ ያለ ትርፍ ይለቃል። ሰውዬው ካበዛበት ደግሞ «አልሸጥልህም» ይላል፤ ይህች አንዲት ቃል እያለችው ማንም አያዋርደውም። የጉልቷም እናት እንደዚሁ ናት። ቲማቲሙን እየጨመቀች የምታገላብጠውን ሸማች «እህቴ፣ ከገዛሽ ግዢ፣ ካልሆነ አታበላሺብኝ» ትላታለች፤ ሸማቿም ቅር አይላትም፣ «መርቂልኝ እንግዲህ» ብላ ፌስታሏን ትዘረጋለች። ቆጥሮ ያስረከባት ሰው ስለሌለ አንድ ሽንኩርት ብትመርቅ የሚጠይቃት የለም።

አሁን ከዚያ ወጥተን ቦሌ ወይም ሲኤምሲ ካለ ሱፐርማርኬት እንግባ። ሸማቹ ያው ነው፤ መርካቶ ያሳደገው ሰው ነው። ከባንኮኒው ወዲያ ያለችው ሰው ግን ተለውጣለች። ዩኒፎርም ለብሳለች፣ ደረቷ ላይ ስሟ ተለጥፏል፣ ከፊቷ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን አለ። «ትንሽ ቀንሺልኝ» ሲላት የምትመልሰው አንድ ነው፦ «ፊክስ ነው።» «ቀይሪልኝ» ሲላት «ባለቤቱ ሲመጣ።» «መቼ ይመጣል?» «አላውቅም።» በእያንዳንዱ መልስ ሰውዬው የሚሰማው እምቢታ ነው፤ እሷ ግን እምቢ ማለትም እሺ ማለትም አልተፈቀደላትም። በመርካቶው ግፊያ ሁለቱም ወገን መግፋት ይችል ነበር። እዚህ አንዱ ይገፋል፣ ሌላዋ ትቆማለች።

የምትጠየቅባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ብናያቸው አንዱም ከእጇ አልወጣም። መደርደሪያው ላይ 180 ብር የተጻፈበት ዘይት ማሽኑ ላይ ሲደርስ 210 ይላል እንበል፤ መለያውን የመቀየር ሥራ ትናንት ማታ ተረስቶ ነው። ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚለው ጭቅጭቅ 15 በመቶው ከመጣ ጀምሮ አለ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ የሚለጠፈው ዋጋ ታክስን ጨምሮ መሆን እንዳለበት ቢናገርም፣ «ፕላስ ቫት» የሚለውን ዜና ገዢው የሚሰማው እጁ ኪሱ ከገባ በኋላ፣ ከእሷው አፍ ነው። ዝርዝርም አለ። ሁሉም ባለ 200 ብር ይዞ ይመጣል፣ ሱቁ ጠዋት ዝርዝር አልሰጣትም፤ በመልስ ፋንታ ማስቲካ ወይም ከረሜላ ታቀርባለች። በእርግጥ ይህ ያናድዳል። ሳልፈልግ የገዛሁት ማስቲካ ተሰብስቦ ቢመዘን ኪሎ የሚሞላ ይመስለኛል። ቢሆንም ማስቲካውን በዝርዝር ምትክ እንዲሰጥ የወሰነው ማነው?

ዋጋን በሚመለከት የቅርቡ ትልቅ ፈተና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የጀመረው ነው። የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ነጋዴዎች አዲስ ዕቃ በስንት እንደሚመጣ ስላላወቁ አንዳንዱ መሸጥ አቆመ፣ አንዳንዱ ጠዋትና ማታ ዋጋ ቀየረ። ባለቤቱ ጠዋት ይደውላል፦ «ዛሬ የዱቄት ወተቱን ይህን ያህል በሉት።» ስልኩ ይዘጋል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትናንት በሌላ ዋጋ የገዙት እናት ይመጣሉ። «ትናንትና እኮ ነው የወሰድኩት፣ ልጄ! ዕቃው ያው መደርደሪያ ላይ ያለው አይደለም?» እናትየው ትክክል ናቸው፤ ዕቃው ያው ነው፣ በአሮጌው ዶላር የገባ ነው። ልጅቷም ታውቃለች። ግን «አዎ፣ ያው ነው» ብትል ሥራዋን ታጣለች፤ «ዶላር ጨምሮ ነው» ብትል ዋሸች። ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝምታዋን እናትየው ንቀት አድርገው ይወስዱታል።

የስልክ ክፍያም አዲስ የጠብ ምንጭ ጨምሯል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ የባንኮቹም መተግበሪያዎች ከተለመዱ በኋላ፣ ብዙ ሰው ኪሱን መፈተሽ ትቷል። አብሮ የመጣው ማጭበርበር ግን ሱቆችን አስደንግጧል፦ ያልተላከ ገንዘብ የተላከ የሚያስመስል የስክሪን ፎቶ እያሳየ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው አለ። ስለዚህ ብሩ መግባቱ እስኪረጋገጥ ዕቃው አይለቀቅም። የሚያረጋግጠው መልእክት የሚገባው በማን ስልክ ነው? በብዙ ሱቅ በባለቤቱ ስልክ፤ ባለቤቱ ደግሞ ሌላ ሠፈር ነው፣ ወይም ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይም አያነሳም። ንጹሑ ከፋይ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል። ከኋላው ሰልፉ ይረዝማል። አምስት ደቂቃ ሲሆን «ሌባ ነኝ እንዴ?» ይላል። አሥር ሲሆን ድምፁ ከፍ ይላል። ሌባ እንዳልሆነ እሷም ከፊቱ አይታ ገምታለች። ግምቷ ቢሳሳት ግን ጉድለቱ ከደመወዟ ይቆረጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት በሌለበት ደመወዝ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ይወስናል። በወሩ መጨረሻ ካዝና ሲቆጠርና ሲጎድል ይህን አንቀጽ የሚያነብ ሰው ባንኮኒው አካባቢ አይገኝም። በዚያ ላይ በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የአንድ ፌስታል ዕቃ ዋጋ የብዙ ቀን ደመወዟ ሊሆን ይችላል።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው። ደንበኛው አስመጪውን አያገኘውም፣ ባንኩን አይሰድበውም፣ ባለሱቁ በሩቁ ነው። እጁ የሚደርስባት ዳውላዋ ናት።

ይህን ስል ደንበኛን ሁሉ ንጹሕ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። የተበደለ ሰው ድምፅ ሲያሰማ አንድ ነገር ነው፤ የሚያዋርደውን ሰው ፈልጎ የሚገባ ሌላ ነው። የኋለኛውን ሻጮች ከበሩ ያውቁታል። ሰላምታ የለውም፤ «ስሚ» ብሎ ይጀምራል፣ ወይም በእጁ ያጨበጭባል። እሷ «እርስዎ» ስትለው እሱ «አንቺ» ይላታል፣ በዕድሜ እኩያዋ ሆኖ። ዕቃ ሲያጣ «ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው የቆምሽው?» ይላል። ካልተስማማው «ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» የምትለው የታወቀች ጥያቄ ትመጣለች፤ መልሱን ግን አይነግራትም፣ በስልኩ ለመደወል እንደሚፈልግ ብቻ ያሳያል። የአልኮል መጠጥ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች እንዳይሸጥ ሕግ ስለከለከለ መታወቂያ የጠየቀች ካሸር ደግሞ «ለአባቴ ነው» ከሚለው ልጅም፣ ቆይቶ ከሚመጣው አባትም ትሰደባለች።

ከሁሉ የሚከፋውና የማይወራው የወንዶቹ ነገር ነው። መልስ ሲቀበል እጇን የሚይዝ፣ ስልክ ቁጥሯን ካልሰጠችው ዕቃውን የሚተው፣ ልብስ ሲለካ «አንቺ አስተካክዪልኝ» የሚል አለ። ይህን ለአለቃዋ ስትነግር የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ «ደንበኛ ነው፣ በዘዴ ያዢው» የሚል ነው። በዘዴ ያዢው ማለት ፈገግ በይ ማለት ነው። ፈገግ ስትል ደግሞ ሰውዬው በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። የ1156/2011 አዋጅ በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል፤ ክልከላው የተጻፈው ግን ለአሠሪ፣ ለሥራ መሪና ለሠራተኛ ነው። በዋናው በር ገብቶ የሚወጣው ደንበኛ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልታሰበም።

የሸማቾቹን አዋጅ ስናነብ ደግሞ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ሆኖ እናገኘዋለን። ሸማቹ በነጋዴው በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብት በግልጽ ተሰጥቶታል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ያስፈልገን ነበር። ሸማቹ ሻጯን ቢሰድብስ? አዋጁ ዝም ይላል። በእርግጥ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስድብን በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ግን በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ የቆመች ሠራተኛ፣ ስሙን የማታውቀውን ሰው ለመክሰስ ከሥራ አስፈቅዳ ጣቢያ ትሄዳለች ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ሱቅ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የምንለው አባባል ከየት እንደመጣ ማወቅ እዚህ ላይ ይረዳል። ከእሱ ጋር አብሮ የሚሄደው፣ ደንበኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው የሚለው መርሕ ሲነሳ በተለምዶ የሚጠቀሱት የቺካጎው ነጋዴ ማርሻል ፊልድና እሱ ጋ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ትልቅ መደብር የከፈተው ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ ናቸው። የሆቴሉ ሰው ሴዛር ሪትዝም ተመሳሳይ ቃል እንደነበረው ይነገራል። ያ ዘመን ገዢ ተታሎ ቢመለስ «ዓይንህን ከፍተህ አትገዛም ነበር?» የሚባልበት ዘመን ነበር። የነዚህ ሰዎች አዲስ ነገር ያልወደድከውን መልስ፣ ገንዘብህን ውሰድ ማለታቸው ነው። ማርሻል ፊልድ በዚህ ነው ስም ያወጣው። ደንበኛው ትክክል ነው የተባለው ስለ ዕቃው ነው፤ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለውም መደብሩ ነበር። እኛ አገር ሲደርስ መፈክሩ ተለጠፈ፣ መመለሱ ቀረ። ዋጋው ወደ ሻጯ ፊት ዞረ፤ ባለቤቱ በገንዘብ ሊከፍለው የሚገባውን እሷ በፈገግታ ትከፍላለች።

ይህ ዓይነቱ ክፍያ ድካም እንዳለው ከ40 ዓመት በፊት በጥናት ታይቷል። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ተከትላ፣ የማይሰማቸውን ስሜት ፊታቸው ላይ እንዲያሳዩ መገደዳቸው ራሱን የቻለ የሥራ ዓይነት መሆኑን አስረድታለች። ሣጥን የሚሸከም ሰው ትከሻው ሲያመው ያውቀዋል። ስሜቱን የሚሸከም ሰው ግን ማታ ቤቱ ገብቶ በልጁ ላይ ሲጮህ ነው የሚነቃው።

የደንበኛን ንግሥና እስከ ጥግ የወሰደችው ጃፓን ናት። ደንበኛ አምላክ ነው የሚል አባባል አላቸው፤ መነሻው ሚናሚ ሃሩኦ የተባለው ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ተመልካቾቹ የተናገረው ነው። እሱ በመድረክ ላይ በአምላክ ፊት እንደቆምኩ ሆኜ እዘፍናለሁ ለማለት ነበር፤ በኋላ ሻጭን ተንበርክከህ ይቅርታ ጠይቀኝ የሚል ደንበኛ ሁሉ ይጠቅሰው ጀመር። ይህ ልማድ ሥር ሰዶ ራሱን የቻለ ስም ወጣለት፤ የቶኪዮ ከተማ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2024 ደንበኞች ሠራተኛን እንዳያዋክቡ የሚከለክል ደንብ አጸደቀ፣ በሚያዝያ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ቅጣት የለውም፤ ግን ደንበኛውም ግዴታ እንዳለበት በጽሑፍ ተቀመጠ። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 የሱቅ ሠራተኛን መምታት፣ መዛትና ማዋረድን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋለች። ከሁሉ ልቤን የሳበው የደቡብ ኮሪያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አሠሪው፣ ደንበኛ ሠራተኛውን ሲያዋርድ፣ ሠራተኛው ሥራውን ለጊዜው እንዲያቋርጥ ወይም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር የማድረግ ግዴታ አለበት። መርካቶ ያለው ሻጭ «አልሸጥልህም» ሲል ያለውን ነፃነት ለተቀጣሪ በሕግ እንደመስጠት ነው።

እኛ አገር እስካሁን የሕጉን ክፍተት የሚሞላው ሰልፉ ነው። ሰውዬው መጮህ ሲጀምር ከኋላ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት ጣልቃ ይገባሉ፦ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ እሷ ምን ታድርግ? ተቀጥራ ነው።» በአብዛኛው ይሠራል። ሰው የአለቃን ትእዛዝ ባይሰማ የሽማግሌን ቃል ያከብራል። አንዳንዴም ሰልፉ ራሱ ለሁለት ይከፈላል፣ «እውነቱን ነው፣ እነዚህም አበዙት» የሚል ይነሳል፤ ከዚያ ጉዳዩ ከዘይት ወጥቶ የአገር ጉዳይ ይሆናል። ሆኖም ሰልፍ በሌለበት፣ ከሰዓት በኋላ ጭር ባለ ቡቲክ ውስጥ ብቻዋን ለቆመች ልጅ ሽማግሌ አይገኝላትም።

የበሰሉ ሻጮች የራሳቸው ጥበብ አላቸው፤ ከሥልጠናው ወረቀት ይሻላል። ደንበኛው ሲጮህ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እሱም ለመስማት ሲል ይቀንሳል። «ለምን ተወደደ?» ሲባሉ ባለቤቱን ወክለው አይከራከሩም፤ «እውነት ነው ጋሼ፣ እኛም ገርሞናል» ብለው ከንዴቱ ጎን ይቆማሉ። ማድረግ የማይችሉትን ሳያድበሰብሱ ይናገራሉ፣ ወዲያው ማድረግ የሚችሉትን አንድ ነገር ያስከትላሉ፦ «ገንዘቡን እኔ መመለስ አልችልም፤ ደረሰኙን ይስጡኝና ቁጥርዎን ልጻፍ፣ ባለቤቱ ዛሬ ማታ ይደውልልዎታል።» እናትን «እናቴ»፣ ሽማግሌውን «አባባ» ይላሉ፤ የዝምድና ቃል ሰውን ወደ ጨዋነቱ የመመለስ ኃይል አለው። ለባለጌው ወንድ ግን «ወንድሜ» ማለትም አይበቃም። አንዳንዶቹ ባልደረባቸውን ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ «እስቲ አንተ አስተናግዳቸው» ይላሉ። የኮሪያው ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ እነሱ ሕጉን ሳያውቁ ራሳቸው ፈጥረውታል።

ጥበቡ ግን ባለቤቱ ማታ ካልደወለ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሸክሙ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሠራተኛዋ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ ማንንም ሳትጠይቅ ዕቃ የመቀየርና ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን ይኑራት። የሸማቾች አዋጁም ቢሆን እንከን ያለበትን ዕቃ ሸማቹ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል፤ ግድግዳው ላይ ያለው «አይመለስም» እንከን ላለበት ዕቃ አይሠራም። የክፍያ መልእክት የሚገባበት ስልክ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ። ጠዋት ካዝና ሲሰጣት ዝርዝር አብሮ ይሰጣት። ዋጋ ከመቀየሩ በፊት መለያው ይቀየር። ወንበር ይግባላት፤ ተቀምጣ የምታስተናግድ ካሸር ክብር የነሳችው ደንበኛ አላየሁም። ከሁሉ በላይ ግን የምትወጣበት በር ይኑራት፤ የሚያዋርዳትን ሰው «አላስተናግድዎትም» ብላ ለአለቃዋ ስታስተላልፍ አለቃዋ ከእሷ ጎን ይቁም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ትልልቆቹ መደብሮች ሲመጡ የመመለሻ ባንኮኒ ይዘው ይመጣሉ፣ ያ በልምዳቸው የተለመደ ነው። የአገር ውስጡ ባለሱቅ ከነሱ ጋር በዋጋ መወዳደር ሊከብደው ይችላል። ገንዘብ በመመለስ ግን ዛሬውኑ ሊቀድማቸው ይችላል።

ባለሱቆች እዚህ ላይ የሚያነሱት ፍርሃት አለ። ሥልጣን ብንሰጣት ዘመዶቿን ትጠቅምበታለች፣ ከደንበኛ ጋር ትመሳጠራለች ይላሉ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ የሚያጋጥም ነገር ነው። መፍትሔው ግን የደብተር ያህል ርካሽ ነው። የተመለሰው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ የተመለሰበት ምክንያትና የመለሰችው ሠራተኛ ስም ይጻፍ፤ ባለቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጦ ያንብበው። ሌብነት ካለ በሁለት ሳምንት ይታያል። ከሌብነቱ በላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ አንድ ዓይነት ጫማ በወር አምስት ጊዜ ሶሉ ተላቅቆ ከመጣ፣ አምስቱን ሰዎች አስቸጋሪ ደንበኞች ማለት አይቻልም። ያን ቅዳሜ ባለቤቱ ስልኩን አንስቶ መጮህ ያለበት ጫማውን ባመጣለት ነጋዴ ላይ ነው።